አራት ከነቱርቦው ወይስ ስድስት? ለደንገጎ ዳገት የቱ ይሻላል?

የከዚራው፦ ወገን፣ ገላግሉኝ። ሁለት ያገለገሉ ቢኤምደብሊው አይቻለሁ (ሞዴላቸውን በፈረንጆቹ ዓመት ነው የምጠራው)። ሁለቱም ከኋላቸው 528 አይ ይላሉ። የ2010 ሞዴሉ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ 3 ሊትር፣ ቱርቦ የለውም። የ2012ቱ ባለ አራት ነው፤ 2 ሊትር፣ ከነቱርቦው። ፋብሪካው በ2011 ስሙን ሳይነካ ሞተሩን ቀይሮታል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሥራዬ ሐረር ስለሆነ በሳምንት አራት ቀን ከድሬዳዋ ተነሥቼ ደንገጎን እወጣለሁ። የቱን ልግዛ?

የሳቢያን ሹፌር፦ ምን ያጠያይቃል? ስድስቱን ነዋ! እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛው ለጸጥታው ነው። ባለ አራቱ ቆሞ ሲሠራ ሐረር መኪና ግርግር የገባህ ይመስልሃል። (ለማያውቅ፦ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙ ከስፌት መኪናው ጩኸት የመጣ ነው።)

ሐረሬዋ፦ መኪና ግርግራችንን ተወው! ሐረርን ሽቅብ ቁልቁል ሲያመላልስ የኖረው ፔጆ 404 ስንት ሲሊንደር ነው? አራት። ነዘረኝ ብሎ የወረደ ሰው አላየሁም። ይልቅ ቁጥሩን እንይ። ስድስቱ 258 የፈረስ ጉልበት አለው፣ አራቱ 245። እዚህ ላይ ስድስቱ ይበልጣል። ቶርኩን (የመጎተት ኃይሉን) ስታይ ግን ስድስቱ 310 ኒውተን ሜትር፣ አራቱ 350 ነው። ያውም አራቱ ይህን የሚሰጥህ ሞተሩ ገና በደቂቃ 1,250 ጊዜ ሲዞር ነው። ስድስቱ እስከ 2,600 መጮህ አለበት። ደግሞ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ገደማ። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ቱርቦ ያለው የጎደለውን አየር ጨምቆ ያስገባል። ደንገጎ ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም የቱ ይሻልሃል?

ጋራዥ ነኝ፦ ዳገት ላይ ቱርቦ ጌታ ነው፣ እሺ። ግን ሙቀቱን ረሳሽው። ቱርቦ አየር ሲጨምቅ አየሩ ይግላል። ኢንተርኩለሩ ነው የሚያቀዘቅዘው። በምን? በውጭ አየር። የድሬ አየር ደግሞ ግንቦት ላይ ራሱ 35 ዲግሪ ያልፋል። የጋለ አየር ሲገባ ቤንዚኑ ካንዴላው የለኮሰው እሳት እስኪደርስበት አይጠብቅም፣ በራሱ ይፈነዳል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሲሰማ ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከድሬ ስትነሺ ያን 350 ኒውተን ሜትር ሙሉውን አታገኚውም። ማደያ ሄደሽም የተሻለ ኦክቴን (ቶሎ በራሱ የማይፈነዳ ቤንዚን) ምረጪ የሚልሽ የለም።

የንዝረቱን ነገር ሹፌሩ አልተሳሳተም። ስድስት ፒስተን በአንድ መስመር ሲደረደር የአንዱን መወርወር ሌላው ያጠፋዋል። አራቱ ላይ የሚተርፍ ንዝረት አለ። ሁለት ሚዛን ጠባቂ ዘንግ የጨመሩበትም ለዚህ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ካቴናው፣ ቫልቭና ፒስተኑን በሰዓቱ የሚያስኬደው ሰንሰለት ነው። የዚህ ባለ አራት ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ምርት ላይ የታይሚንግ ካቴናው የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ እየተሰባበረ ማስቸገሩ የታወቀ ነው። ካቴናው ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ ሞተር ፈልግ። የከዚራው፣ ልታየው ስትሄድ በጠዋት ሂድ። ቆሞ ያደረ፣ ያልሞቀ ሞተር አስነሣ። የሚያሽካካ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማህ አመስግነህ ውጣ። የውሃ ፓምፑንም ጠይቅ። የሁለቱም ፓምፕ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። በዚህ ሙቀት መንገድ ላይ ከቆመ ዳገቱን አትጨርሰውም።

ባለ ቱርቦው፦ እኔ አራት አመት ነድቻለሁ። ብራንዱን አልጠራም። መጽሐፉ ዘይት በ15,000 ኪሎ ሜትር ቀይር አለኝ፣ አመንኩት። ቱርቦው ሄደ። አሁን በ5,000 እቀይራለሁ። ደንገጎን ጨርሼ ስቆምም ወዲያው አላጠፋውም፤ ትንሽ ይተንፍስ እላለሁ። ሚስቴ ከመኪናው ጋር ነው የምታወራው ትለኛለች።

ከአዲስ አበባ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የከዚራው ጠያቂ፣ እርስዎ ግብሩንም ያስቡበት። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አዲስ መኪና ከ1,300 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነው። አነስ ያለ ቱርቦ ይሻልዎታል።

የሳቢያን ሹፌር፦ አቦ፣ ድሬ ላይ አንቱታ የለም! ደግሞ 2 ሊትርም 3 ሊትርም ከ1,800 በላይ ናቸው። ያ የሚጠቅመው እንደ መርሴዲስ ሲ 200 ባለ 1.5 ሊትር ሲሆን ነው። መኪኖቹም ቀረጣቸው ተከፍሎ እዚሁ አሉ።

ሐረሬዋ፦ ይህኛውን እቀበላለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ቀርቷል። የያዝከውን ለብዙ ዓመት ነው የምትይዘው።

ጋራዥ ነኝ፦ እኔም ስድስቱን የምለው ለዚያ ነው። አዲስ ቢሆኑ ኖሮ ካንቺ ጋር ነበርኩ። እነዚህ ግን አሮጌ ናቸው። ቱርቦ የሌለው የሚበላሽበት ዕቃ ያንሳል።

የከዚራው፦ እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ አራቱ ነበር። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ላየው ለሻጩ ደወልኩ። ‘ችግር የለም፣ ሞተሩን አሙቄ እጠብቅሃለሁ’ አለኝ።

ጋራዥ ነኝ፦ የስድስቱን ባለቤት ደውልለት።