ላንድሮቨሩ ለሚንኳኳበት፦ ከግራሶ በፊት ጎሚኒውን እዩ

ስለ አሮጌ ላንድሮቨር ባሌስትራ (መኪናውን ስለሚሸከሙት ተደራራቢ ጎባጣ ብረቶች) ጥቆማ ለጠየቃችሁኝ፣ የሞከርኩትን ልንገራችሁ። የኔው ሲሪስ 3 ነው። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ቋ ቋ ይል ነበር፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ማውራት አይችልም። አሁን ድምፁ ጠፍቷል። ያጠፋው ግን መጀመሪያ ገንዘብ ያፈሰስኩበት ነገር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ድምፁን ለዩ። ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነ፣ ተደራርበው የታሰሩት ብረቶች ዝገው እየተፋተጉ ነው። የሚንኳኳ ከሆነ የላላ ወይም የተበላ ነገር አለ። ግራሶ የመጀመሪያውን ያስታግሳል። ለሁለተኛው ምንም አይሠራም።

ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ያስረጫል። ርካሽ ነው፣ ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኛል። እኔ አልመክርም። አቧራ ይሰበስባል፣ ጎሚኒውንም (በባሌስትራው ጆሮ፣ ማለትም በጫፉ ቀለበት ውስጥ የሚገባውን ቡሎን የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ) ያበላሻል። ለሲጥታ የሚሻለው ባሌስትራውን አስፈትቶ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስጠርጎ፣ ግራፋይት ያለበት ግራሶ በስሱ መቀባት ነው። ቅባቱ ቢደርቅ እንኳ ግራፋይቱ በብረቶቹ መካከል ይቀራል።

«የድሮ መኪና ባሌስትራ ዘይት ይወዳል» ይባላል። ለነፎርድ ሞዴል ቲ እውነት ነው። ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የተመረተው ያ መኪና ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ አግድም ባሌስትራ ነበረው። ጆሮው ውስጥ በጎሚኒ ቦታ ያለው ቱቦ (ቡሽ) ነሐስ ነው። ነሐስ ዘይት ካጣ ይበላል፣ ከተበላ ይንኳኳል። በዚያ ዘመን ባሌስትራውን ግራሶ ቀብተው በቆዳ የሚያለብሱም ነበሩ፣ አቧራና ውሃ እንዳይገባ። ደስ የሚል ዘዴ ነው። የላንድሮቨር ጎሚኒ ግን በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ጎማ ነው። አይንሸራተትም፣ ይጠማዘዛል እንጂ። ዘይት ጠላቱ ነው።

የኔም ችግር የተበላ ጎሚኒ ነበር። አንድ ጋራዥ ግን «ባሌስትራው ደክሟል» ብሎ በጋዝ እሳት አሙቆ አጎበጠልኝ። ወር ሳይሞላ መልሶ ተኛ። እንዲያው በእሳት የተለበለበ ባሌስትራ ጥንካሬውን ያጣል። ማስቀጥቀጥ ካለባችሁ በቀዝቃዛው የሚቀጠቅጥ ባለሙያ ፈልጉ።

ጎሚኒውን ለማየት ረዘም ያለ ብረት በባሌስትራው ጆሮና በማያያዣው መካከል አስገብታችሁ ወዝውዙ። ወዲያ ወዲህ ካለ አልቋል። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌ ባሌስትራ ከነጎሚኒው ይሸጥላችኋል፤ ብረቱን ውሰዱ፣ ጎሚኒውን ግን አዲስ ግዙ። ቶርኖ ቤት የሚያወጣው የነሐስ ቡሽ ለላንድሮቨር አይሆንም፤ ግራሶ ማስገቢያ ስለሌለው ቶሎ ይበላል። ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠራውን ጎሚኒ ዘይት አይጎዳውም፣ ዕድሜም አለው። ግን ደረቅ ስለሆነ የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል። ጭነት ለሚጭን እሱ ይሻላል። ሰው የሚጭን ግን እንደ እኔ የጎማውን ጎሚኒ ይምረጥ።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። የጎሚኒው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በአራት እግሩ መሬት ላይ ሲቆም ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ የጎሚኒው ጎማ ከልኩ በላይ ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። የኔን ሁለተኛ ጊዜ ያስቀየረኝ ይኸው ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችም አዲስ አስገቡ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግሞ እንደገና አስጠብቁ።