4080 ሱፐር ወይስ 7900 ኤክስቲኤክስ? ለ4ኬ (እጅግ ጥርት ያለ ምስል) ጌም የቱ ግራፊክስ ካርድ ይገዛ?

ጥያቄው፦ የኤኤምዲ 7900 ኤክስቲኤክስ በ2022 መጨረሻ፣ የኤንቪዲያ 4080 ሱፐር በ2024 መጀመሪያ ሲወጡ የሁለቱም መነሻ ዋጋ 999 ዶላር ነበር። በተቀራራቢ ዋጋ ቢገኙ የትኛው ይሻላል?

ባለ 24፦ ኤኤምዲው። 24 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ ያኛው 16። የሜሞሪ ፍጥነቱም በሰከንድ 960 ጊጋባይት ነው፣ የ4080ው 736። ጌሙ ከካርዱ ሜሞሪ ሲያልፍ ትርፉ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል፤ ያኔ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ቴክስቸሩም (የነገሮቹ ገጽታ) ደብዝዞ ይቀራል። ሴቲንግ ከመቀነስ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ጨረር፦ ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጨረር እያሰላ ጥላና ነጸብራቅ የሚስለውን) ዘለልከው። ሳይበርፓንክ 2077ን በ4ኬ በፓዝ ትሬሲንግ (በከባዱ የሬይ ትሬሲንግ ዓይነት) ክፈተው፤ 7900ው እጅ ይሰጣል። 4080ው በዲኤልኤስኤስ (በኤንቪዲያ ምስል ማሳደጊያ) እና በፍሬም ጀነሬሽን (በመሃል ተጨማሪ ምስል እየፈጠረ በሚያስገባው) ያጫውትሃል። ምስል ማሳደጊያውም አንድ አይደለም፦ የኤኤምዲው ኤፍኤስአር 3 ሳርና የሽቦ አጥር ላይ ይርገበገባል። የ2025ቱ አዲሱ የዲኤልኤስኤስ ሞዴል ለ40 ተከታታይ ካርዶችም ተሰጥቷል፤ ኤኤምዲ ግን ኤፍኤስአር 4ን ይዞ የወጣው ለአዲሶቹ የ9000 ተከታታይ ካርዶች ነው።

ባለ 24፦ እህቴ፣ ፓዝ ትሬሲንጉም ፍሬም ጀነሬሽኑም ራሳቸው ሜሞሪ ይበላሉ። ደግሞ መነሻው በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ከሆነ፣ ቆጣሪው 60 ቢያሳይም ማውዙ ላይ የሚሰማሽ የ30ው መዘግየት ነው።

ጨረር፦ የመዘግየቱን እቀበላለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ በዲኤልኤስኤስ ወደ 60 ማድረስ፣ ፍሬም ጀነሬሽኑን ከዚያ በኋላ ማብራት። ሬይ ትሬሲንግ ጭራሽ የማይከፍት ሰው ከሆነ ግን 7900ው እኩል ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይቀድማል።

ገመድ፦ ሁለታችሁም ስለ ኃይሉ አላነሳችሁም። 4080ው 320 ዋት፣ 7900ው 355 ዋት ነው፤ የሚመከረው ፓወር ሰፕላይ 750 እና 800። የ4080ው ባለ 16 ፒን መሰኪያ እስከ መጨረሻው ካልገባ ፒኖቹ በደንብ አይነካኩም፣ በዚያ ቦታ ይግላል፣ ይቀልጣል። በብዛት የቀለጡት የኤንቪዲያ 4090 ካርዶች ናቸው፤ ጥንቃቄው ግን ያው ነው። ክፍተት እንዳይታይ አድርጋችሁ ግፉት፤ ገመዱን ከመሰኪያው 35 ሚሊ ሜትር ሳይርቅ አትቆልምሙት። ለእያንዳንዱ የ7900ው መሰኪያ ከፓወር ሰፕላዩ የተለያየ ገመድ አውጡ፤ አንዱን ባለ ሁለት ጫፍ ገመድ ለሁለት መሰኪያ አትጠቀሙ።

መብራት ለሚቆራረጥበት የአዲስ አበባ ተጫዋች ደግሞ፦ 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ) ብዙውን ጊዜ በዋት 400 እንኳ አይሞላም። ከእነዚህ ካርዶች አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ሲሠራ ከዚያ ያልፋል፤ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የ35 ዋት ልዩነት አያጣላንም፣ በሁለቱም ትልቅ ዩፒኤስ ግድ ነው።

ጨረር፦ ያገለገለ 7900 የሚገዛስ?

ገመድ፦ እሱ ላይ ተጠንቀቁ። የኤኤምዲ የራሱ ዲዛይን ከሆኑት የመጀመሪያ ካርዶች አንዳንዶቹ ማቀዝቀዣቸው ውስጥ በቂ ውኃ አልነበረም፤ ኩባንያው በ2023 መጀመሪያ አምኗል። ካርዱ በተለመደው አቀማመጥ አግድም እንዳለ ከባድ ጌም 20 ደቂቃ አሂዱና አጠቃላይ ሙቀቱን ከሆትስፖቱ (ከቺፑ በጣም ከሚግለው ነጥብ) ጋር አስተያዩ። አጠቃላዩ 60ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ሆኖ ሆትስፖቱ 110 ከነካ አትግዙት።

ባለ 24፦ በሰው እጅ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ፍተሻው ሻንጣ ውስጥ ሳይገባ፣ እዚያው ይደረግ። አንዴ ከመጣ በኋላ ዋስትና ማለት ካርዱን መልሶ መላክ ነው።