ፕሬሪ ዶግ ነው ወይስ የመሬት ሽኮኮ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ከጓሮዬ አጥር ሥር አንድ እንስሳ ጉድጓድ ቆፍሮ ጎመኔን እየጨረሰው ነው። ፍልፈል መሰሉ ጎፈር አይደለም፤ ጎፈር ጉድጓዱን በአፈር ይደፍናል፣ ከላይም እምብዛም አይታይም። ይሄኛው ጠዋት ጠዋት በሁለት እግሩ ቆሞ ይጮኻል። የጉድጓዱ አፍም ክፍት ነው፤ ዙሪያውን አፈር ተቆልሎበታል። ፕሬሪ ዶግ (ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ሽኮኮ መሰል እንስሳ) ነው ብዬ ነበር። ግን የዚህ አካባቢው ፕሬሪ ዶግ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ትናንት በመስኮት ሳየው ጅራቱ ቡናማ መሰለኝ፤ መጠኑም አነሰብኝ። ጀርባው ላይ መስመር የለውም፣ ስለዚህ ባለ 13 መስመሩ የመሬት ሽኮኮ ሊሆን አይችልም። ግልገል ይሆን እንዴ? መርዝ ማድረግ በፍጹም አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ጉጉትም ይኖራል። በምን ልለየው? የምታውቁ ንገሩኝ።