እንደገና የተነሳ ብራንድ፣ ሌላ አገር የተሠራ ጊታር፦ ጥራቱን በምን ልለካው?

ሦስተኛ ክር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሀግስትሮም ስዊድ የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ዓይኔን ከጣልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አንድ ሰው ጥቂት ዓመት የተጫወተበትን ሊሸጥልኝ ነው። ብራንዱ የስዊድን ነው፤ ይሄኛው ግን ቻይና የተሠራ ነው። አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛዬ «ስሙን ብቻ ነው የምትገዛው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ተከፈለ። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት ተቸግሬ ነው። ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። ምኑን ልፈትሽ?

የድሮ ፒክአፕ፦
ጓደኛህ ግማሹን እውነት ነግሮሃል። ሀግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1925 ስዊድን ውስጥ ኤልቭዳለን በምትባል ቦታ አኮርዲዮን እያስመጣ በመሸጥ ነው የጀመረው። ጊታር መሥራት የጀመረው በ1958 ነው። የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች አኮርዲዮን በሚለበጥበት በዚያ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የተለበጡ ነበሩ። ፎቶአቸውን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በ1983 ምርቱ ቆመ። በ2004 ስሙ ሲመለስ ሥራው ቻይና ሄደ። ስለዚህ እጁ ያው እጅ አይደለም።

ሐሳቡ ግን ከስሙ ጋር መጥቷል። አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ኤች-ኤክስፓንደር የሚሉት፣ አሁንም አለ። አንገቱ እንደዚያ ቀጭን ሆኖ የማይጎብጠው በሱ ነው። ጓደኛህ ይሄን አንዴ ጨብጦ ይየው።

አሁን አገሩን ተወውና ያንን አንድ ጊታር ፈትሽ። ከነቱ ጀምር፤ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ ማለቴ ነው። እኔ የተቃጠልኩት እዚያ ላይ ነው። ጊታሩ ከብዙ ዓመት በኋላ የተነሳ የሌላ ብራንድ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ክፍት ክሮቹ ልክ ተቃኝተዋል። የመጀመሪያው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ቀጭን ብረት ነው) ኤፍ ስይዝ ግን ድምፁ ከፍ ይልብኛል። ሦስት ወር ሙሉ ጆሮዬን ጠረጠርኩ። ለካ የነቱ ቦዮች በደንብ አልተቆረጡም። ክሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ስትጫነው ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ድምፁ ከቅኝቱ ይወጣል።

እንዲህ እየው። ሦስተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ተጫን። ከዚያ በመጀመሪያው ፍሬትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከት። የፀጉር ያህል ከሆነ ጥሩ ነው። የታጠፈ ወረቀት የሚያስገባ ከሆነ ነቱ ሥራ ይፈልጋል። ስድስቱንም ክር እንዲህ አድርግ።

ብየዳ፦
እኔ ደግሞ ፍሬቱን እላለሁ። መዳፍህን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አንሸራት። ከጫረህ የፍሬቱ ጫፍ በደንብ አልተሞረደም፣ ወይ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ቀስ ብለህ ምታ። አንድ ቦታ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ እዚያ አካባቢ ከፍ ያለ ፍሬት ሊኖር ይችላል። አሰልቺ ነው፤ ግን አትዝለለው።

ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት)፣ ፖት (የድምፅ መቆጣጠሪያው)፣ የኬብል ሶኬት ይቀየራል። በሱ አትጨነቅ። ከብሪጁ በኩል፣ ክሮቹ ገላው ላይ ከሚያርፉበት ማለት ነው፣ ሆነህ ስታይ አንገቱ የተጠማዘዘ ከሆነ ግን ባለቤቱን አመስግነህ ውጣ።

ዘገምተኛ ባስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድና ሱፐር ስዊድ የሚባለው ሌላው ሞዴል የክር ርዝመታቸው፣ ከነቱ እስከ ብሪጁ ያለው፣ ይለያያል። ስዊድ 24.75 ኢንች ነው፤ ሱፐር ስዊድ 25.5። በአጭሩ ላይ ክሩ ለጣት ይለሰልሳል። የለመድከው ረጅሙን ከሆነ መጀመሪያ ላይ የላላ ሊመስልህ ይችላል። ጥራቱ ወርዶ ነው እንዳትል።

ቅኝቱ ከለቀቀም መቃኛዎቹን ለመውቀስ አትቸኩል። አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ነቱ ቦይ ውስጥ ተይዞ አልንሸራተት ብሎ ነው።

ሦስተኛ ክር፦
ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተሽኩት፤ ባለቤቱም ታግሶኛል። የፍሬቱ ጫፍ እንደ ጠጠር ለስልሷል። በስድስቱም ክር ላይ ያለው ክፍተት እንዳላችሁት የፀጉር ያህል ነው። አንገቱም ቀጥ ያለ ነው።

ብቻ ሦስተኛውን ክር ስቃኝ «ጢን» ይልና ዘሎ ያልፋል። ባለቤቱን ጠየቅኩት። ወፍራም ክር አስሮበት ኖሯል፤ የነቱ ቦይ ደግሞ ለቀጭን ክር የተቆረጠ ነው። ቀጭን ክር አሰርኩበት። ክሩ እንዲንሸራተት ቦዩን በመጻፊያ እርሳስ አሸሁት። «ጢን» ማለቱን ተወ። ማታ ለጓደኛዬ ሰጠሁትና ሁለት ሰዓት ሳይመልስልኝ ተጫወተበት።