የፕሮፌሽናሎችን ፎርሃንድ በስሎው ሞሽን እያየሁ እለማመዳለሁ፤ አንጓዬ ግን ታመመ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው። ቴኒስ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው፤ አሠልጣኝ የለኝም። ማታ ማታ የፌደረርንና የጆኮቪችን ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታውን ምት) በስሎው ሞሽን አያለሁ። ጠዋት ሜዳ ወርጄ እንደነሱ ለመምታት እሞክራለሁ። ራኬቱ ወደ ፊት ሲመጣ የእጃቸው አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል። እኔም እያጠፍኩ ስመታ ኳሷ አጥሩን ትሻገራለች። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ አንጓዬን ያመኛል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፣ ከአዘዞ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ራኬቱን አስቀምጥና እጅህን አሳርፍ። ካልተሻለህ ሐኪም ይየው፤ አንጓ ሲነካካ ይከርማል።
ያየኸው ነገር ልክ ነው። ግን እነሱ አያጥፉትም፣ ራሱ ነው የሚታጠፈው። ዳሌና ትከሻ ቀድመው ይዞራሉ። የራኬቱ ራስ ክብደት ስላለው ወደ ኋላ ይቀራል። እጃቸው ስላልተወጠረ አንጓው እሺ ብሎ ይታጠፋል። ለቡሄ ጅራፍ አጩኸሃል አይደል? ጫፉን ማን ነካው? እጀታውን ነው የምታዞረው፣ ጫፉ ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ አንጓህን እርሳው። ትከሻህን አዙር፣ ራኬቱን ሳትጨምቅ ያዝ።

መልስ፣ ከፒያሳ
እኔ ኳስ በማቀበል ነው ያደግኩት። ምክሬ አንድ ነው፤ እጅ አትይ፣ እግር እይ። የስልኩን የላይኛውን ግማሽ በመዳፌ እሸፍንና የጆኮቪችን እግር ብቻ አያለሁ። ተጋጣሚው ሊመታ ሲል ጆኮቪች ትንሽ ይዘላል። ኳሷ ከዚያኛው ራኬት ስትነሳ እሱ በጣቶቹ አርፎ ለመሮጥ ዝግጁ ነው። ይህን ሳያደርግ የሚጠብቀው ኳስ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሳምንት ይችን ብቻ ተለማመድ።

መልስ፣ ከማራኪ
ራስህን ቅዳ! ስልኩን በሃይላንድ ፕላስቲክ አስደግፈው፣ የፕሮፌሽናሎቹ ቪዲዮ በተቀዳበት በኩል አድርገህ። ብዙ ጊዜ ስልክ በሰከንድ 30 ምስል ነው የሚቀዳው። ኳሷ ደግሞ የራኬቱ ክር ላይ የምትቆየው አንድ ሰከንድ ለሺሕ ቢከፈል አምስቱን ያህል ነው። ምቷ በሁለት ምስል መሃል ታመልጥሃለች። ስልክህ 240 ካለው፣ ፀሐይ ሲኖር በዚያ ቅዳ።
ናዳልን የምታይ ከሆነ በግራው ስለሚጫወት ቪዲዮውን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገልብጠው። አንድ ምት በዝግታ ካየህ በኋላ ሦስት አራቴ በመደበኛ ፍጥነቱ እየው። ዝግታው ቅርጹን ያሳይሃል፣ የአመታቱን ፍጥነት ግን ይነጥቅሃል።

መልስ፣ አሁንም ከአዘዞ
አንድ የረሳሁት ነገር፦ አጥር የተሻገረውን ሁሉ በራስህ አትፍረድ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ የበለጠ ይርቃል፣ ከፍ ብሎም ይነጥራል። ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ለብቻው የሚሠራ ኳስ አለ። ካላገኘህ ትንሽ የተነፈሰ ኳስ ይሻልሃል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ጓደኛዬ ባለፈው ወር የቀዳኝን ቪዲዮ አውጥቼ አየሁት። ትከሻዬ ጭራሽ አይዞርም! ደረቴን ለመረቡ ሰጥቼ በእጄ ብቻ ነው የምመታው። እግሬም እንደተተከለ ነው። እስኪሻለኝ ያለ ራኬት መዞሩን እለማመዳለሁ። ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኳስ ከግድግዳ ጋር አብሮኝ የሚመታ ካለ ይጻፍልኝ።