«ተጨማሪ ያንብቡ» የሚል ቁልፍ ያለው ኮምፖነንት፦ በፊደል ቁጥር ልቁረጥ ወይስ በመስመር?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በምንሠራው ድረ ገጽ ረጃጅም ጽሑፎች በብዙ ቦታ ስለሚመጡ፣ መጀመሪያውን ብቻ አሳይቶ ቀሪውን «ተጨማሪ ያንብቡ» ሲጫን የሚዘረጋ፣ በየገጹ እየጠራን የምንጠቀምበት አንድ ኮምፖነንት (ራሱን የቻለ የገጽ ክፍል) በሪአክት (በጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ) ጽፌአለሁ። ጽሑፉ ከ120 ፊደል ከበለጠ ቀሪውን ቆርጬ ሦስት ነጥብ እጨምራለሁ። ይሁን እንጂ በሰፊ ስክሪን ከሁለት መስመር የማይሞላው ጽሑፍ በስልክ አምስት መስመር ይሆናል። ይባስ ብሎ ቆረጣው የኤችቲኤምኤሉን ታግ (ለብራውዘሩ የተጻፈውን ምልክት) ጭምር እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥር፣ ትናንት የአንዱ ሊንክ አድራሻ ብቻ 90 ፊደል በልቶ በገጹ ላይ አራት ቃላት ብቻ ታይተው አገኘሁ። የተሻለ አሠራር ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
ቆረጣውን የገጹን መልክ ለሚወስነው ለሲኤስኤስ ይተዉት። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ የተረፈውን በሦስት ነጥብ የሚተካው «ቴክስት ኦቨርፍሎው» ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በተወሰነ የመስመር ብዛት የሚቆርጠውን «ላይን ክላምፕ»ን ይጠቀሙ። እስካሁን «ዌብኪት» የሚለው ቅድመ ቅጥያ እንዳለበት ነው የሚጻፈው፣ ፋየርፎክስም ቢሆን ከ2019 ጀምሮ በዚሁ ስሙ ይቀበለዋል። ጽሑፉን በያዘው ሳጥን ላይ ዲስፕሌዩ (የአቀማመጡ ዓይነት) «ዌብኪት ቦክስ»፣ የቦክሱ አቅጣጫ «ቨርቲካል»፣ ኦቨርፍሎው (ከሳጥኑ የሚተርፈው) ደግሞ «ሂደን» ካልሆኑ ግን ምንም ስሕተት ሳያሳይ ዝም ብሎ በትክክል አይሠራም። የመስመሩን ብዛት ፕሮፕ (ኮምፖነንቱ ሲጠራ የሚሰጠው ዋጋ) ያድርጉትና መነሻውን 3 ይስጡት።

ቁልፉ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ግን ሲኤስኤስ አይነግርዎትም። ለዚህ የሳጥኑን «ስክሮል ሃይት» (የተደበቀውን ጨምሮ የይዘቱን ሙሉ ቁመት) ከ«ክላየንት ሃይት» (ከሚታየው ቁመት) ጋር ያወዳድሩ፤ የመጀመሪያው ከበለጠ የተደበቀ ጽሑፍ አለ ማለት ነው። የስክሪኑ ስፋት ሲለወጥ እንደገና እንዲለካ የሳጥኑን መጠን ለውጥ የሚከታተለውን «ሪሳይዝ ኦብዘርቨር» ይጨምሩ። እኔን ሁለት ቀን ያስፈተገኝ ፎንቱ ነበር፦ ዘግይቶ ሲደርስ ጽሑፉ ከሦስት መስመር ወደ አራት ያድጋል፣ የሳጥኑ ቁመት ግን በሦስት መስመር ስለተገደበ ኦብዘርቨሩ ለውጥ አያይም። ስለዚህ ፎንቶቹ ተጭነው ሲያበቁም አንድ ጊዜ ያስለኩ።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ፤ ስፋቱም ታጉም ተስተካክሏል። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። «ተጨማሪ ያንብቡ» ስጫን ጽሑፉ በደንብ ይዘረጋል፣ በቦታው መምጣት የነበረበት «ያሳጥሩ» የሚለው ቁልፍ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ገጹን እንደገና ካልከፈትኩ በቀር መመለሻ የለኝም።

መልስ 2፦
ይህ ይህን ኮምፖነንት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሳይሰናከልበት የማያልፍ ድንጋይ ነው። ጽሑፉ ሲዘረጋ ሁለቱ ቁመቶች እኩል ይሆናሉ፤ ኦብዘርቨሩ የቁመቱን ለውጥ አይቶ እንደገና ሲለካ «የተደበቀ የለም» ብሎ ቁልፉን ያነሣዋል። ልኬቱን ጽሑፉ ባጠረበት ጊዜ ብቻ ያካሂዱ፤ በተዘረጋበት ጊዜ የመጨረሻው ውጤት ባለበት ይቆይ። «ተዘርግቷል ወይ?» እና «የሚዘረጋ ነገር አለው ወይ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ በሁለት ስቴት (ኮምፖነንቱ በሚያስታውሳቸው ሁለት ዋጋዎች) ይያዙ።

መልስ 3፦
ዓይነ ስውራንንና በኪቦርድ ብቻ የሚሠሩ ሰዎችንም ያስቡ። መዘርጊያው እውነተኛ «በተን» (የቁልፍ ታግ) ይሁን እንጂ ጠቅታ የተሰጠው «ስፓን» (ተራ የጽሑፍ ታግ) አይሁን፤ መዘርጋት አለመዘርጋቱንም በ«ኤሪያ ኤክስፓንድድ» ምልክት ይግለጽ። በላይን ክላምፕ የተደበቀው ጽሑፍ ከገጹ ስላልወጣ ስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ሁሉንም ያነበዋል፤ ይህ መልካም ነው። መልካም ያልሆነው የተደበቀው ክፍል ሊንክ ሲኖረው ነው፦ በታብ ቁልፍ ሲደረስበት ብራውዘሩ ሊንኩን ለማሳየት ሳጥኑን ወደ ላይ ይገፋውና የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ይሰወራሉ። እኔ ፎከስ (ኪቦርዱ ያለበት ቦታ) ወደዚያ ሲገባ ጽሑፉ በራሱ እንዲዘረጋ አድርጌአለሁ። ረጅም ጽሑፍ መልሶ ሲያጥር አንባቢው ከታች ባለ ሌላ ጽሑፍ መሀል እንዳይጣል፣ ስክሮሉን ወደ ሳጥኑ ራስጌ ይመልሱለት።

መልስ 1፦
በመስመር መቁረጥን ብመክርም፣ ለሁሉም ጽሑፍ ይሆናል ማለቴ አይደለም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ያቀረቡት ጥያቄ ከማስረጃው ጋር ተገናዝቦ ተቀባይነት…» ብሎ የሚቆረጥ መልእክት ማግኘቱን ይሁን ማጣቱን አይናገርም። እንዲህ ላለው መልእክት ኮምፖነንቱ ለብቻው የተጻፈ አጭር መግለጫ በፕሮፕ ቢቀበልና ሲያጥር እርሱን ቢያሳይ ይሻላል።

ጠያቂ፦
ሁለቱን ስቴቶች ለየኋቸው፣ ቁልፉም ተመልሷል። ለማሳወቂያ መልእክቶች አጭር መግለጫ የሚቀበለውን ፕሮፕ ዛሬ እጨምራለሁ።