ብርሃኑ ደካማ ለሆነ አኳሪየም ከኋላ ምን ልትከል? እንዴትስ ላስይዘው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አኳሪየሜ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ከፍታ አለው። መብራቷ አብራው የመጣች ደካማ ናት፣ አጠገቡም መስኮት የለም። የኋላውን መስታወትና የፊልተሩን ቱቦ የሚሸፍን ረዘም ያለ ተክል ፈልጌ ቀይ ቅጠል ያለው ነገር ገዛሁ። ከታች ጀምሮ እየረገፈ ነው። የቀረውን ደግሞ ጎልድፊሾቹ ጠጠሩን እየቆፈሩ ይነቅሉታል፣ ጠዋት ተንሳፍፎ አገኘዋለሁ። መብራት ልቀይር ወይስ ተክል? ለተክል እድገት ውሃው ውስጥ የሚጨመር የካርቦን ጋዝ ምናምን ውስጥ መግባት አልፈልግም።

ጠጠሩ፦
ተክሉን ቀይሪ። ቀይ ተክል ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ብርሃን ይፈልጋል፣ በዚያች መብራት አይሆንልሽም። ላንቺ ጃቫ ፈርን የሚባለው የውሃ ተክል ነው። እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ይችላል፣ ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ ጎልድፊሽ ብዙም አይደፍረውም። ግን አደራ፣ ጠጠር ውስጥ እንዳትቀብሪው! አግድም የሚሄደው ወፍራሙ ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። አኑቢያስ የሚባለው ሌላ የውሃ ተክልም እንደዚያው ነው። እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በጥጥ ክር እሰሪው፣ ክሩ እስኪያልቅ ሥሩ ራሱ ይይዛል።

የዓሣ አባት፦
በተክሉ እስማማለሁ፣ በጥጥ ክሩ ግን አልስማማም። ጃቫ ፈርን ቀርፋፋ ነው፣ ሥሩ ሳይይዝ ክሩ ቀድሞ ሊበጠስ ይችላል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሻላል፣ ካልሆነም ሱፐር ግሉ። ፈሳሹን ሳይሆን ጄሉን ግዢ። ግንዱን በጨርቅ አድርቀሽ አንድ ጠብታ አድርጊና ትንሽ ጫን አድርገሽ ያዢው፣ ውሃ ሲነካው ይደርቃል። ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ቆይቶ ግን አልጌ ይሸፍነዋል።

ሌላው ነገር ደግሞ፣ ከታች አትጀምሪ። ቆሞ የሚቀመጥ እንጨት ፈልጊና ፈርኑን ከወገቡ በላይ ለጥፊው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይደክማል፣ ዓሣዎቹም ጠጠር ውስጥ የሌለውን ነገር ቆፍረው ሊነቅሉት አይችሉም። አዲስ እንጨት ስለሚንሳፈፍ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ እሰሪበት። ድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፣ አረፋ ካወጣ ተዪው፣ ኖራ ስላለው ውሃውን ኖራማ ያደርገዋል።

ጀማሪዋ፦
ተባረኩ! ግን እንደ ሣር ቀጥ ብሎ የሚወጣውስ? ከሐይቅ ብነቅልስ?

ጠጠሩ፦
እሱ ቫሊስኔሪያ ነው። ደካማ ብርሃን ይችላል፣ ዝግ ብሎ ያድጋል እንጂ። እሱ ግን መተከል አለበት፦ ሥሩ ይቀበር፣ ቅጠሎቹ የሚጀምሩበት አንገት ከላይ ይቅር። ጎልድፊሽ ስላለሽ በትንሽ የሸክላ ዕቃ ትከይውና አፉ ላይ ትልልቅ ጠጠር ደርድሪ። ቢበሉትም እንዳይገርምሽ።

ከሐይቅ የሚመጣ ተክል ቀንድ አውጣና የነፍሳት እጭ ይዞ ይገባል፣ እኔ አልመክርም። እምቦጭማ ጭራሽ አታስቢው፣ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ለውሃችንም ጠንቅ ነው። የአኳሪየም ትርፍ ተክልም ወንዝ ውስጥ አይጣልም።

የዓሣ አባት፦
መብራቱን በቀን በድምሩ ከ8 ሰዓት ለበለጠ ጊዜ አታብሪው፣ በቀርፋፋ ተክል ቅጠል ላይ አልጌ ይወጣበታል። ከፈርኑ ቅጠል ጀርባ ቡናማ ነጠብጣብ ካየሽ ደግሞ ቆርጠሽ እንዳትጥዪው። ብዙ ጊዜ የመራቢያው ዱቄት ነው። ትንንሽ ችግኞችም ከቅጠሉ ላይ ይወጣሉ፣ ሥር ሲያወጡ ለይተሽ ቱቦው ጋ ለጥፊያቸው።